ሞገዱ የሚሮጥ መኪናን እንዴት ይከተላል? ተረትና እውነታ

ከ24 ጊጋኸርትዝ በላይ ያለው የ5ጂ ሞገድ ብዙ ዳታ ይሸከማል። በየአቅጣጫው ከተበተነ ግን ጉልበቱ ስለሚሳሳ፣ ወደ ተጠቃሚው ብቻ ተሰብስቦ ጠባብ ጨረር ሆኖ ይላካል። ተጠቃሚው በመኪና እየሄደ ከሆነ ጨረሩም አብሮት መሄድ አለበት። ይህን በተመለከተ በሰፊው ከሚታመኑት ነገሮች አምስቱን እንያቸው።

ተረት 1፦ እንዲህ ያለ ሞገድ አየር ላይ ስለሚሞት ለሚንቀሳቀስ ነገር አይሆንም።

እውነታ፦ በ28 ጊጋኸርትዝ የሞገዱ ርዝመት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንቴናዋም የዚያኑ ያህል ትንሽ ናት፤ ሞገዱ መንገድ ላይ የጠፋ የሚመስለው እሷ ብቻዋን የምትለቅመው ጉልበት ጥቂት ስለሆነ ነው። ትንሽነቷ ግን ጥቅምም አለው። 64 አንቴናዎችን ጎኑ 4.5 ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ሰሌዳ ላይ መደርደር ይቻላል፤ ተባብረው ሲሠሩ ጉድለቱን ያካክሳሉ። ኦክስጅን በብርቱ የሚመጠው 60 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ያለውን ሞገድ ነው፤ 28 ጊጋኸርትዝ ላይ፣ በከተማ ርቀት፣ ይህ ከቁጥር አይገባም። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2014 በዚሁ ሞገድ፣ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚሮጥ መኪና በሰከንድ 1.2 ጊጋቢት አድርሷል።

ተረት 2፦ ምሰሶው ላይ ያለው አንቴና መኪናውን እየተከተለ ይዞራል።

እውነታ፦ የሚዞር ነገር የለም። ሁሉም አንቴናዎች አንድ ዓይነት ምልክት ይልካሉ፤ አንዱ ከጎረቤቱ የሚዘገየው ከቢሊዮንኛ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው። በዚህ መዘግየት የተነሳ ሞገዶቹ በአንድ አቅጣጫ ይደጋገፋሉ፣ በሌላው ይጣፋሉ። መዘግየቱ ሲለወጥ ጨረሩ ይዞራል። ጀርመናዊው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን ይህን ዘዴ በሦስት አንቴናዎች ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው።

ምሰሶው መኪናውን አያየውም፤ ይሞክራል እንጂ። በ5ጂ ደንብ እስከ 64 አቅጣጫዎችን በ5 ሚሊሰከንድ ውስጥ በየተራ ያዳርሳል፤ በተለመደው አሠራር በየ20 ሚሊሰከንዱ ይደግመዋል። መኪናው ላይ ያለው መሣሪያ የትኛው ጎልቶ እንደደረሰው መልሶ ይናገራል።

ተረት 3፦ ዋናው ጠላት ፍጥነት ነው።

እውነታ፦ ዋናው ጉዳይ አቅጣጫው በምን ያህል ቶሎ ይለወጣል የሚለው ነው። መንገድ ዳር ቆሞ መኪና የሚያይ ሰው፣ መኪናው ሩቅ ሳለ አንገቱን ብዙም አያዞርም፤ አጠገቡ ሲያልፍ ግን እሽክርክር ይላል። ስሌቱም ይህንኑ ይላል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ10 ሜትር ርቀት ላይ ባለ ምሰሶ ፊት ሲያልፍ አቅጣጫው በሰከንድ 160 ዲግሪ ያህል ይለወጣል። የ64ቱ አንቴናዎች ጨረር ስፋት 13 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ መኪናው በ80 ሚሊሰከንድ ውስጥ አልፎት ይሄዳል። ምሰሶው 100 ሜትር ቢርቅ ግን ለውጡ በሰከንድ 16 ዲግሪ ብቻ ነው።

ከመሃሉ 15 ሜትር ርቆ አደባባይ የሚዞር መኪና ደግሞ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብቻ እየሄደ አፍንጫው በሰከንድ 32 ዲግሪ ይዞራል። እሱ ላይ የተገጠመው አንቴናም አብሮ ስለሚዞር ጨረሩን በፍጥነት ማስተካከል ያለበት መኪናው ራሱ ነው።

ፍጥነት የሞገዱን ድግግሞሽም ያዛባል። በ100 ኪሎ ሜትር መዛባቱ 2,600 ኸርትዝ ገደማ ነው፤ የ5ጂ ንዑስ ሞገዶች ግን በተለምዶ በ120,000 ኸርትዝ ስለሚራራቁ ተቀባዩ በቀላሉ ያርመዋል።

ተረት 4፦ ጨረሩ በጠበበ ቁጥር ይሻላል።

እውነታ፦ የጠበበ ጨረር ሩቅ ይደርሳል፤ ግን የሚሞከረው አቅጣጫ ይበዛል፣ መኪናውም ቶሎ ያመልጠዋል። ስለዚህ ፍለጋው በሰፊ ጨረር ተጀምሮ በጠባብ ይጠናቀቃል፤ ምሰሶው ለመንገዱ በጣም ቅርብ ሲሆን ሰፋ ያለው ሊመረጥ ይችላል።

ተረት 5፦ ጂፒኤስ ካለ ፍለጋ አያስፈልግም።

እውነታ፦ ጂፒኤስ በ3 ሜትር ቢሳሳት፣ በ100 ሜትር ርቀት ጨረሩ የሚስተው 2 ዲግሪ እንኳ በማይሞላ ነው፤ በ10 ሜትር ግን 17 ዲግሪ ይስታል፣ ከመኪናው ውጭም ያርፋል። በመሃል የቆመውን የጭነት መኪናም ጂፒኤስ አያውቀውም። የሰው ገላ እንኳ ጉልበቱን ወደ መቶኛ ወይም ከዚያ በታች ሊያወርደው ይችላል። እንዲህ ሲጋረድ የተሻለው መንገድ ከሕንፃ ግድግዳ ነጥሮ የሚመጣው ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ቦታን ማወቅ ፍለጋውን ያጠባል እንጂ አያስቀረውም። የ5ጂ ደንብም ጨረር ሲጠፋ መሣሪያው ሌላ ተጠባባቂ ጨረር የሚጠይቅበት ሥርዓት አለው፤ ሁሉም ከተጋረደ ድግግሞሹ ዝቅ ያለ ሌላ ሞገድ ግንኙነቱን ያቆየዋል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ኔትወርክ ለመንገድ ሲታሰብ፣ «መኪናው ስንት ይሮጣል?» ከማለት በፊት ምሰሶው ከመንገዱ ስንት ሜትር ይርቃል፣ መሃል ምን ይጋርዳል፣ ዋናው ጨረር ሲቋረጥ የሚተካው ከየት ይመጣል ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።