የፋብሪካ ቢራን አስመስሎ በቤት መጥመቅና የጤና ገጽታው

በኢትዮጵያ ጠላ በቤት ሲጠመቅ የኖረ መጠጥ በመሆኑ ፈቃድ ይጠየቅበታል ብሎ የሚያስብ የለም። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ግን ቢራን በቤት መጥመቅ ለረጅም ጊዜ በሕግ የታጠረ ተግባር ነበር። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1880 የተደነገገው የፈቃድ ግዴታ የተነሣው በ1963 ነው። በአሜሪካ የመጠጥ እገዳው በ1933 ሲሻር ወይን በቤት ማዘጋጀት ሲፈቀድ የቢራው ጉዳይ ሳይጠቀስ ቀርቶ ነበር። ይህ የተስተካከለው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ ሲሆን፣ አንድ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በዓመት እስከ 100 ጋሎን (379 ሊትር ያህል) ለራሱ እንዲጠምቅ ተፈቀደ፤ መሸጥ ግን አልተፈቀደም። በዚያው ዓመት ዴቭ ላይን የተባለ እንግሊዛዊ በገበያ የሚሸጡ ቢራዎችን በቤት ለማስመሰል የሚያስችሉ የአጠማመቅ ቀመሮችን የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ታዋቂ ቢራዎችን መቅዳት በቤት ጠማቂዎች ዘንድ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል።

የማስመሰሉ ሥራ የሚጀምረው ከጠርሙሱ ነው። ጠማቂው በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የአልኮል መጠን፣ የመጠጡን ቀለም፣ ምሬትና መዓዛ ይዞ ወደ ኋላ ያሰላል። ለምሳሌ ጊነስን የመሰለው የአየርላንድ ጥቁር ቢራ ጥቁረቱንና የቡና መሰል ጣዕሙን የሚያገኘው ብቅል ካልሆነ፣ ነገር ግን እስኪጠቁር ከተቆላ ገብስ ነው። ከጠቅላላው እህል አንድ አሥረኛ ያህሉ ለዚህ ይበቃል። እንኩሮዋን አጥቁራ የምትጠምቅ የጠላ ባለሙያ ይህን ብትሰማ እምብዛም አትደነቅም። በ1842 በፒልዘን ከተማ የተጀመረው ወርቃማ ቢራ ደግሞ ለስላሳ ውሃ ይፈልጋል፤ የእንግሊዙ የበርተን ቢራ በአንጻሩ ጂፕሰም የበዛበት ውሃ ውጤት ነው። ስለዚህ ጠማቂዎች እንደ ቢራው ዓይነት በውሃቸው ላይ ካልሲየም ሰልፌትና ማግኒዚየም ሰልፌት በግራም እየመዘኑ ይጨምራሉ። እርሾውም ከምንጩ ሊገኝ ይችላል፤ የቤልጅጉን ሺሜ የመሰሉ፣ በጠርሙስ ውስጥ የሚበስሉ ቢራዎች ከሥራቸው ሕያው እርሾ ስላለባቸው አተላውን አባዝቶ መጠቀም የተለመደ ነው።

በቤት የማይቀዳው የፋብሪካው ቁጥጥር ነው። አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ቢራውን ያጣራሉ፣ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያፓስቸራይዛሉ፣ እያንዳንዱንም ምርት በመለያ ቁጥር ይመዘግባሉ። የቤት ጠማቂ ጣዕሙን ሊደርስበት ይችላል፤ ችግር ሲፈጠር ግን የትኛው ምርት ለማን እንደደረሰ የሚያሳይ መዝገብ የለውም።

ይህም ሆኖ በቤት የተጠመቀ ቢራ በባሕርይው አደገኛ መጠጥ ነው ማለት አይቻልም። የብቅሉ ጭማቂ አንድ ሰዓት ያህል ይፈላል። ከተብላላ በኋላ ፒኤች መጠኑ ከ4 እስከ 4.5 ይወርዳል፣ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይኖረዋል፣ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ የቢራ ጌሾው (ሆፕስ) መራራ አሲዶችም የግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያዎችን እድገት ይገታሉ። በመሆኑም እንደ ሳልሞኔላ ያሉ የታወቁ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን በተገቢው ሁኔታ በተብላላ ቢራ ውስጥ አይራቡም። የሚበላሽ ቢራ አብዛኛውን ጊዜ ይኮመጥጣል እንጂ ጠጪውን አያሳምምም። አስጊው ጊዜ ጭማቂው ከቀዘቀዘ በኋላ እርሾው እስኪበረታ ያለው ነው፤ በዚያን ጊዜ ፈሳሹ ጣፋጭ፣ ለብ ያለና መከላከያ የሌለው ነው። የጠላ ጠማቂዎች ጋኑን በግራዋ አሽተው አጥበው በወይራ የሚያጥኑት ለጣዕም ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ከአልኮል ነፃ የሆኑ የብቅል መጠጦችን በቤት ለማስመሰል የሚሞክር ግን ከላይ የተዘረዘሩትን መከላከያዎች በአብዛኛው ያጣል። ስኳሩ ያልተብላላ፣ አልኮል የሌለውና ያልተፓስቸራየዘ ፈሳሽ በጠርሙስ ታሽጎ በሞቀ ቤት ሲቀመጥ ለተሕዋስያን ምቹ ማደጊያ ነው። «አልኮል ስለሌለው ለልጆችም ይሆናል» የሚለው አስተሳሰብ ከዚህ አንጻር እንደገና ሊታይ ይገባል።

ቢራ ጠማቂን ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ ከመመረዝ ይልቅ አካላዊ ጉዳት ነው። ሃያ ሊትር የሚፈላ የብቅል ጭማቂ በሚገነፍልበት ጊዜ የሚያደርሰው ቃጠሎ አንዱ ነው። ሁለተኛው የጠርሙስ ፍንዳታ ነው። የፋብሪካውን አረፋ ለማስመሰል በእያንዳንዱ ሊትር ላይ ከ6 እስከ 7 ግራም ስኳር ይጨመርና በቆርኪ ይታሸጋል፤ እርሾው ይህን ስኳር በልቶ ጋዙን ይፈጥራል። ከአራት ግራም ስኳር ወደ ሁለት ግራም የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ቢራው መብላላቱን ሳይጨርስ፣ በሊትር አሥር ግራም ያህል ስኳር ቀርቶት ከታሸገ የጋዙ መጠን እጥፍ ይሆናል፤ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ግፊትም ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። ስስ ጠርሙስ፣ ቀድሞ የተሰነጠቀ ጠርሙስ ወይም ሞቃት ክፍል ሲታከልበት የመስተዋት ስብርባሪ በፍጥነት ይበተናል። ዓይን ከተመታ ጉዳቱ የዓይን ኳስን እስከ መቅደድ ይደርሳል። እንዲህ ዓይነት ጉዳት ሲጠረጠር ዓይኑን ማሸት፣ መጫን፣ ቅባት መቀባት ወይም የተሰካውን ስብርባሪ መንቀል አይገባም። ዓይኑን ሳይነካ የሚጋርድ ጠንካራ ሽፋን፣ ለምሳሌ ከሥሩ የተቆረጠ የወረቀት ኩባያ፣ አስሮ ሕመምተኛውን በአስቸኳይ ወደ ዓይን ሐኪም መላክ ያስፈልጋል። መከላከያውም ቀላል ነው፤ የሃይድሮሜትሩ ንባብ ለተከታታይ ቀናት ሳይለወጥ እስኪቆይ አለማሸግ።

ስለ መጥመቂያው ዕቃ በአፍሪካ የተገኘው ዕውቀት ከየትኛውም የቢራ መጽሐፍ የበለጠ አስተማሪ ነው። በደቡባዊ አፍሪካ የገጠር ነዋሪዎች በቤት የሚጠምቁት ባህላዊ ቢራ በብረት ድስትና በብረት በርሜል መዘጋጀት ከጀመረ በኋላ ከፍተኛ የብረት ክምችት በጉበታቸው ላይ መታየት ጀመረ። ምክንያቱም ኮምጣጣው ፈሳሽ ብረቱን ከዕቃው እያሟሟ ስለሚወስድ፣ በአንድ ሊትር ውስጥ በአሥር ሚሊግራሞች የሚቆጠር፣ ለሰውነት ለመምጠጥ የቀለለ ብረት ይኖራል። ውጤቱም የጉበት ሲሮሲስ፣ የስኳር በሽታና የጉበት ካንሰር ተጋላጭነት ነው። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች በዘር የሚወረስ ዝንባሌም ሊኖርበት እንደሚችል ጠቁመዋል፤ የበርሜሉ ድርሻ ግን አላጠያየቀም። ጋን ከዚህ አንጻር የተሻለ ዕቃ ነው። ዚንክ የተለበጠ ባልዲ፣ እርሳስ ያለበት የሸክላ ቅብና ቀድሞ ኬሚካል የተያዘበት የፕላስቲክ በርሜል ለማንኛውም ዓይነት መጠጥ መዋል የለባቸውም። ኬሚካል የያዘ በርሜል በሳሙና ቢታጠብ እንኳ በፕላስቲኩ ውስጥ የሰረገውን ኬሚካል ማስለቀቅ አይቻልም።

እህሉም እንደ ዕቃው ሊታይ ይገባል። በጥር ወር 2015 እ.ኤ.አ. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር፣ ቺቲማ በተባለ ስፍራ፣ ከቀብር በኋላ በቤት የተጠመቀ ፖምቤ የተባለ መጠጥ የጠጡ 75 ሰዎች ሞቱ። ሕዝቡ በመጀመሪያ የአዞ ሐሞት ተጨምሮበታል ብሎ ጠርጥሮ ነበር። የላቦራቶሪ ምርመራው ግን ቦንግክሬኪክ አሲድ የተባለ መርዝና ይህን መርዝ የሚያመነጨውን ባክቴሪያ አሳየ፤ መነሻውም መጠጡ የተዘጋጀበት የተበከለ የበቆሎ ዱቄት ነበር። ይህ መርዝ በማፍላት አይጠፋም። በሻገተ እህል ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲንም ሙቀትን በእጅጉ ይቋቋማል። በመሆኑም «ለመብል ባይሆን ለመጠጥ ይሆናል» ተብሎ የሻገተ እህል ለብቅል ወይም ለጠላ ሲለይ፣ ማፍላቱ ተሕዋሱን ቢገድልም ተሕዋሱ ትቶት የሄደውን መርዝ አያስወግድም።

ፋብሪካም ቢሆን ሁልጊዜ ከዚህ የጸዳ አልነበረም። በ1900 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ማንቸስተርና አካባቢዋ ከ6,000 በላይ ሰዎች እጅና እግራቸው ደንዝዞ፣ ቆዳቸው ጠቁሮ ታመሙ፤ ወደ 70 የሚጠጉትም ሞቱ። ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ በሽታውን በአልኮል የሚመጣ የነርቭ ሕመም ብለውት ነበር። ኧርነስት ሬይኖልድስ የተባሉት ሐኪም ግን የታመሙት ቢራ ጠጪዎች እንጂ ከቢራ የበረታ መጠጥ የሚጠጡት አለመሆናቸውን አስተዋሉ፤ ቢራውን አስመርምረውም አርሴኒክ አገኙበት። ምንጩ በሰልፈሪክ አሲድ የተዘጋጀ የመጥመቂያ ስኳር ነበር። በ1965 እና 1966 ደግሞ በካናዳዋ የኩቤክ ከተማ ለአረፋው ማጽኛ ኮባልት ከተጨመረበት ቢራ ጋር በተያያዘ ከ40 በላይ ብዙ ቢራ የሚጠጡ ሰዎች በልብ ጡንቻ ሕመም ተይዘው 20 ያህሉ ሞተዋል። ዛሬ የፋብሪካን አረፋ ለማግኘት ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት የሚገዛ የቤት ጠማቂ ይህን ታሪክ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ሜታኖልን በተመለከተ ብዙ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። ሜታኖል በመብላላት ጊዜ የሚፈጠረው በተለይ በፍራፍሬ ውስጥ ካለው ፔክቲን ነው። ገብስና ሌሎች የእህል ዓይነቶች ፔክቲን ስለሚያንሳቸው ያልተጣራ ቢራም ሆነ ጠላ በሜታኖል አያሳውርም። እንደ አረቄ ሲወጣ የመጀመሪያው ጠብታ የበለጠ ተናኝ ነገሮችን ይይዛል፤ ሆኖም በዓለም ላይ የታዩት የጅምላ መመረዞች በአብዛኛው የመጡት የኢንዱስትሪ ሜታኖል ሆን ተብሎ ወይም በስሕተት በመጠጥ ውስጥ በመግባቱ ነው። በ2012 በቼክ ሪፐብሊክ መርዙ የተገኘው የታወቁ መጠጦችን በመሰሉ ጠርሙሶች ውስጥ ነበር። አልኮል በተከለከለባት ኩዌት በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. በድብቅ ከተዘጋጀ መጠጥ የተነሣ 23 ሰዎች መሞታቸውን የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር አስታውቋል። በስደት አገር በድብቅ የሚሸጥ መጠጥ የሚገዛ ሰው ጠርሙሱ የፋብሪካ መልክ ስላለው ብቻ ሊተማመን አይገባም። ሜታኖል በጉበት ወደ ፎርሚክ አሲድ እስኪለወጥ ጊዜ ስለሚወስድ ምልክቱ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል፤ ከኤታኖል ጋር ከተጠጣ ደግሞ ከዚያም በላይ። ሕመምተኛው የተለመደ ስካር ያደረበት መስሎት ይቆያል። የዓይን መደብዘዝ ወይም በበረዶ ውስጥ የማየት ዓይነት ስሜት፣ የሆድ ሕመምና ፈጣን ትንፋሽ ሲኖር የደም አሲድነት መመርመር፣ ፎሜፒዞል ወይም በሐኪም ቁጥጥር ኤታኖል መጀመርና ሂሞዳያሊሲስ ማመቻቸት ጊዜ የሚሰጡ አይደሉም።

ከሁሉም በላይ በብዛት የሚጎዳው ግን ራሱ ኤታኖሉ ነው። በሃይድሮሜትር መነሻው 1.048፣ መድረሻው 1.010 የሆነ ቢራ 5 በመቶ ያህል አልኮል ይኖረዋል፤ 330 ሚሊ ሊትሩም 13 ግራም ንጹሕ አልኮል ይይዛል። ጠማቂው ሰማያዊ ሺሜን አስመስሎ 9 በመቶ ካደረሰው ያው መጠን 23 ግራም ይሆናል። በመልኩ ግን ሁለቱንም በብርጭቆ የቀረበለት እንግዳ መጠናቸውን ለይቶ ሊያውቅ አይችልም፤ መኪና ነድቶ የመጣ ከሆነም አንድ ጠጣሁ ብሎ ሁለት የሚጠጋ ጠጥቶ ይመለሳል። ጽሑፍ የሌለበት ጠርሙስ በእንግዳ ፊት ከመቅረቡ በፊት መጠኑ ሊጻፍበት ይገባል።

በመጨረሻም ያልተፓስቸራየዘና እርሾው ያልተጣራለት መጠጥ ከመድኃኒት ጋር ያለው ግንኙነት በክሊኒክ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እንዲህ ያለ ቢራ ታይራሚን ሊይዝ ይችላል፤ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝን የሚገቱ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ሲጠጣው የደም ግፊቱ በድንገት ሊንር ይችላል። መድኃኒት ለተላመደ የሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሊኔዞሊድ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ አይሶናያዚድም በመጠኑ ይህ ባሕርይ ሲኖረው፣ ከአልኮል ጋር ለጉበት ያለው አደጋም የታወቀ ነው። ታካሚው «አልኮል ትጠጣለህ?» ሲባል «አልጠጣም» ሊል ይችላል፤ ጠላንና በቤት የተጠመቀን ቢራ ከመጠጥ የማይቆጥር ብዙ ነውና። ጥያቄው መጠጡን በስሙ ጠርቶ፣ የት እንደተጠመቀና በምን ዕቃ እንደተቀመጠ ጭምር ሊጠይቅ ይገባል። መመረዝ ከተጠረጠረም ቤተሰቡ ጠርሙሱን ከነአተላው ሳይጥል፣ ክዳኑን ዘግቶ ለምርመራ እንዲያመጣ ወዲያው ሊነገረው ያስፈልጋል።