የጠፈር ወፍጮ፦ በኮምፒዩተር የጠፈር ጨዋታዎች ስለሚታየው ዝግታና ልፋት



ስለ ጨዋታ በዚህ መጽሔት መጻፋችን አንዳንድ አባሎቻችንን ሊያስገርም እንደሚችል እናውቃለን። «ፈተና በደረሰበት፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማሳደስ ራስ ምታት በሆነበት ወቅት ስለ ጠፈር መርከብ ማውራት ምን ይሉታል?» የሚል ጥያቄ ጽሑፉ ገና ሳይወጣ ደርሶናል። መልሳችን አጭር ነው። በማደሪያችን ካሉት ተማሪዎች ብዙዎቹ ሌሊቱን ምን ሲሠሩ እንደሚያድሩ ሁላችንም እናውቃለን። ባለፈው ሴሚስተር ከመካከላችን አንዱ አንድ ኮርስ ለማቋረጥ ተገዷል። ያስቆመው ሕመም አልነበረም፤ የገንዘብ እጦትም አልነበረም። በሌለ ሰማይ ላይ የሌለ ድንጋይ ሲፈልጥ እየነጋበት ነው። እኛም አጠገቡ ተቀምጠን ስንፈልጥ ስለነበር ፈራጅ ሆነን አልተነሣንም። ይሁን እንጂ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ ስለምን እንደምንናገር እንወቅ። የምንናገረው የመጣውን ሁሉ መተኮስ ብቻ ስለሆነው ጨዋታ አይደለም። ዓለሙን በተቻለ መጠን እውነተኛውን ለማስመሰል ስለሚጥሩት፣ ብዙ ሺህ ሰዎችም በኢንተርኔት በአንድ ጊዜ ስለሚሠማሩባቸው ጨዋታዎች ነው። ሁለቱን በምሳሌነት እንወስዳለን። አንደኛው ሲሲፒ የተባለው የአይስላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሜይ 2003 ያወጣው «ኢቭ ኦንላይን» ሲሆን፣ ሁለተኛው ፍሮንቲየር ዴቨሎፕመንትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 ያወጣው «ኤሊት ዴንጀረስ» ነው። የኋለኛው አባት የሆነውን «ኤሊት»ን እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጡት ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል፣ እንደ እኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። የሠሩበት ኮምፒዩተር 32 ኪሎባይት ማስታወሻ ብቻ የነበረው ሲሆን፣ በዚያች ጠባብ ቦታ እያንዳንዳቸው 256 ፕላኔት ያላቸው ስምንት ጋላክሲዎች አስገብተውባታል። ተጫዋቹም በ100 ክሬዲት ተነሥቶ እህልና ዕቃ ከፕላኔት ወደ ፕላኔት እያመላለሰ ይነግድ ነበር። ዝግታው እንግዲህ ከውልደት ጀምሮ አብሮ ያለ ነው ማለት ይቻላል።

ዝግታ ስንል ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። እነዚህን ሁለቱን መለየት የዚህ ጽሑፍ ዋና ዓላማ ነው።

የመጀመሪያው የርቀት ዝግታ ነው። በኤሊት ዴንጀረስ ውስጥ ሃተን ኦርቢታል የሚባል ጣቢያ አለ። የሚገኘው ለፀሐያችን ጎረቤት በሆነው በአልፋ ሴንታውሪ ሥርዓት ሲሆን፣ ተጫዋቹ ከሚደርስበት ኮከብ 0.22 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ይህም ማለት ብርሃን 80 ቀን ገደማ ይጓዝበታል። መርከቧ በአንድ ኮከብ ሥርዓት ውስጥ በመደበኛው ጉዞ ልትደርስበት የምትችለው ከፍተኛ ፍጥነት የብርሃንን 2,001 እጥፍ ነው። 80 ቀን ለ2,001 ሲካፈል 58 ደቂቃ ገደማ ይመጣል። ቀስ በቀስ መፍጠኑና መጨረሻ ላይ ማብረዱ ሲጨመርበት ለብዙ ዓመታት ጉዞው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስድ ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚሠራ ሥራ የለም፤ አፍንጫዋን ወደ ጣቢያው አዙሮ መቀመጥ ብቻ ነው። ነባር ተጫዋቾች አዲስ የመጣውን ሰው «እዚያ ድረስ ሂድ፣ አናኮንዳ የምትባለውን ትልቅ መርከብ በነፃ ይሰጡሃል» እያሉ ይልኩታል። ደርሶ የሚያገኘው ሃተን ተብሎ የተሰየመ የሻይ ኩባያ ሸቀጥ ነው። እኛም ተልከናል፤ ተታለናልም።

ዳሩ ግን ስለዚያ ጉዞ ቅሬታ የለንም። ከመካከላችን ሁለቱ በአንድ ክፍል ሁለት ዓመት ኖረው፣ ስለ ቤተሰባቸው በቁም ነገር የተነጋገሩት ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። አንደኛው እናቱ መታመሟን ለወራት ለማንም ሳይናገር እንደቆየ የሰማነው ያን ጊዜ ነው። እጅ ሥራ ሲፈታ ምላስ ይፈታል። አገር ቤት ቡናው ከአቦል እስከ በረካ እስኪደርስ ስንቱ ጉዳይ ይነሣ እንደነበር ያደገበት ሁሉ ያውቀዋል። የገበጣ ጨዋታም ቢሆን ጠጠሩ እየታደለ ወሬው ይቀጥላል። የርቀቱ ዝግታ ሌላም ጥቅም አለው። ጨዋታው ፍኖተ ሐሊባችንን በእውነተኛው ልክ፣ 400 ቢሊዮን የሚሆኑ የኮከብ ሥርዓቶች አድርጎ ቀርጿል። ይህን ያህል ሰማይ በአምስት ደቂቃ የሚቋረጥ ቢሆን ኖሮ ስፋቱ ቁጥር ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

ሁለተኛው ዓይነት ዝግታ ተጫዋቾች «ግራይንድ» የሚሉት ነው፤ ቃሉ መፍጨት ማለት ነው። የእጅ ወፍጮ ላይ ሌሊቱን ስትፈጭ ያደረች ሴት ያየ ሰው ስሙ ለምን እንደተሰጠው አይጠፋውም። ልዩነቱ እሷ ጠዋት ዱቄት አላት። በጨዋታው ወፍጮ ግን አንድን ነገር ለማግኘት አንድን ሥራ፣ አንዳች አዲስ ነገር ሳይማሩበት፣ መቶና ሁለት መቶ ጊዜ መደጋገም ነው። ለምሳሌ ኤሊት ዴንጀረስ እ.ኤ.አ. በ2016 መርከብን የሚያሻሽሉ መሐንዲሶችን አስገባ። ተጫዋቹ ጥሬ ዕቃውን ከየቦታው ለቅሞ ያመጣል፤ ውጤቱ ግን ዕጣ ነበር። ለአንድ ሳምንት የተለቀመው ዕቃ ከቀድሞው ያነሰ ውጤት ሊያመጣ ይችል ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2018 እያንዳንዱ ሙከራ ወደፊት ብቻ እንዲያራምድ አድርጎ አሻሻለው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የሚፈለገውን ዕቃ ቀነሰው። ማሻሻሉ መልካም ነው። ነገር ግን ስምንት ዓመት መፍጀቱን አንባቢ ልብ ይበል።

የኢቭ ኦንላይን ዘዴ ከዚህ ይለያል፤ በእኛ አስተያየት የበለጠ ብልሃት አለበት። እዚያ ተጫዋቹ ክህሎት የሚያገኘው በመደጋገም ሳይሆን በሰዓት ነው። ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለም ትምህርቱ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ክህሎት አምስት ደረጃ አለው። በቀላሉ ክህሎት ላይ ለመጀመሪያው ደረጃ 250 ነጥብ፣ ለሦስተኛው 8,000፣ ለአራተኛው 45 ሺህ ገደማ፣ ለአምስተኛው 256,000 ነጥብ ያስፈልጋል። በደቂቃ 30 ነጥብ ይገኛል ብንል፣ የመጀመሪያው ደረጃ በስምንት ደቂቃ ያልቃል፤ ከአራተኛው ወደ አምስተኛው ለመሻገር ግን አምስት ቀን ያህል ይፈጃል። ስምንት እጥፍ በሚከብድ ክህሎት ላይ ይኸው የመጨረሻ እርምጃ 39 ቀን ይሆናል። ሆኖም በብዙዎቹ ክህሎቶች የመጨረሻው ደረጃ የሚጨምረው ጥቅም ከመጀመሪያው አይበልጥም። እስከ እ.ኤ.አ. 2009 ድረስ ክህሎቶችን በተራ ማሰለፍ ስለማይቻል፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ለማስጀመር ደወል ሞልተው ሌሊት የሚነሡ ነበሩ። ለፈተና እንኳ እንዲህ መነሣት የሚከብደን እኛ በዚህ ባንስቅ ይሻላል።

ታዲያ ኩባንያዎቹ ይህን ለምን ያደርጋሉ? ተንኮል ብቻ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። አንድ የሥራ ቡድን ብዙ ወር ደክሞ የሠራውን አዲስ ነገር ተጫዋቾች በጥቂት ቀን ይጨርሱታል፤ ዝግታው ይህን ክፍተት ይሞላል። ሌላው ገበያው ነው። በኢቭ ውስጥ መርከቦቹንና ጥይቱን በአብዛኛው የሚሠሩትና የሚሸጡት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ስለሆኑ፣ ማዕድኑ ያለ ድካም የሚታፈስ ቢሆን ዋጋ የሚኖረው ነገር አይኖርም ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2007 ኤይዮልፉር ጉድሙንድሶን የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁር እስከመቅጠር የደረሰው ይህን ገበያ ለማጥናት ነው። የጠፋ መርከብ ተመልሶ ስለማይመጣም ድካሙ ለውጊያው ትርጉም ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 ቢ-አር5አርቢ በተባለው ሥፍራ ለ21 ሰዓት በተደረገው ውጊያ 75 ታይታን የሚባሉ ግዙፍ መርከቦች ወደሙ፤ ኩባንያው የጠፋውን ከ300,000 ዶላር በላይ ገምቶታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰርቨሩ ጫናውን መቋቋም ስለሚያቅተው የጨዋታው ሰዓት እስከ አንድ አሥረኛ ድረስ እንዲዘገይ ይደረጋል፤ አሥር ሰከንድ ጠብቆ አንድ ሰከንድ መዋጋት ማለት ነው። ለዚያ ሁሉ ሰዓት ሰውን ወንበሩ ላይ ያቆየው፣ ያን መርከብ ለመገንባት የፈሰሰው የወራት ልፋት ነው።

ከኩባንያው ባሻገር የእኛው ጠባይም አለበት። ቢ. ኤፍ. ስኪነር የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እርግቦችን ሲያጠኑ፣ ምግብ መቼ እንደሚመጣ የማታውቅ እርግብ ሁልጊዜ ከምታገኘው ይልቅ ሳትታክት እንደምትጎነትል አሳይተዋል። የ2016ቱ የመሐንዲሶች ዕጣ ከዚያ ሣጥን ብዙም አይርቅም። ሁለተኛው ጠባይ በአማርኛ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 አርክስና ብሉመር የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ለቴአትር የወቅት ትኬት ሙሉ ዋጋ የከፈሉ ሰዎች በቅናሽ ከገዙት ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ጊዜ ተገኝተዋል። ቴአትሩ አንድ ነው፤ ያመላለሳቸው የከፈሉት ገንዘብ ነው። በጨዋታው የምንከፍለው ሌሊታችንን ስለሆነ ይበልጥ ያስራል።

አሳሳቢው ደረጃ የሚመጣው ግን ጊዜው ራሱ ሸቀጥ ሲሆን ነው። ኢቭ ውስጥ በእውነተኛ ገንዘብ ተገዝቶ በጨዋታው ገንዘብ የሚሸጥ ፕሌክስ የሚባል ነገር ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ አለ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ደግሞ አንዱ ተጫዋች ያጠራቀመውን 500,000 የክህሎት ነጥብ ቀድቶ ለሌላው መሸጥ እንዲችል ተፈቀደ። የክህሎት ነጥቡ ራሱ በዚያን ቀን ዋጋ ወጣለት። ኤሊት ዴንጀረስም እ.ኤ.አ. በ2024 መርከቦችን በገንዘብ መሸጥ ጀመረ። እዚህ ላይ አቋማችንን ግልጽ እናድርግ። ልፋቱን የሚወስነውም፣ ከልፋቱ ማምለጫውን የሚሸጠውም አንድ እጅ ሲሆን፣ ልፋቱ የተለካው ለጨዋታው ጣዕም ነው ወይስ ለሽያጩ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እርግጥ ሥራ ያለው፣ ጊዜ የሌለው ሰው በገንዘቡ ሰዓት ቢገዛ አንነቅፈውም። የተማሪ ነገር ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ገንዘብ ስለሌለን በሰዓት እንከፍላለን፤ ሰዓትም ያለን ይመስለናል።

ኮርሱን ወዳቋረጠው ጓደኛችን እንመለስ። ሲለፋ የነበረው እ.ኤ.አ. በጁን 2020 ወደ ኤሊት ዴንጀረስ ለገባችው «ፍሊት ካሪየር» ለምትባለው ግዙፍ መርከብ ነው። ዋጋዋ 5 ቢሊዮን ክሬዲት ነው። በሰዓት 100 ሚሊዮን የሚያገኝ ሰው 50 ሰዓት ይፈጅበታል፤ የእሱ ገቢ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ስለነበር የጨዋታው ቆጣሪ በአንድ ሴሚስተር ከ200 ሰዓት በላይ መዝግቦበታል። የሦስት ክሬዲት ኮርስ ከክፍል ሰዓቱና ከጥናቱ ጋር 135 ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ስሌት በወረቀት አድርገን ስናሳየው ለረዥም ጊዜ ዝም ብሎ አየው፤ ከዚያም «ክሬዲት ያው ክሬዲት ነው» ብሎ ቀለደ። አልሳቅንም፤ እሱም አልሳቀም። መርከቧ ከተገዛች በኋላም በየሳምንቱ ማስተዳደሪያ ትፈልጋለች። ካልተከፈለላት ዕዳ ይቆለልና በመጨረሻ ትወሰዳለች። ስለዚህ ባለቤቷ ለመጫወት ባይፈልግ እንኳ እሷን ለማቆየት መሥራት አለበት።

ዘንድሮ ኮርሱን እንደገና ተመዝግቦ እየተማረ ነው። መርከቧን ሸጠው ብለን ብንመክረውም አልሸጣትም፤ የሚያስተዳድራትን ያህል አስቀምጦላት ትቷታል። እኛም ድንጋይ መፍለጡን ትተናል። እሑድ ማታ ብቻ፣ የቻልን ሁሉ ተሰብስበን ወደ ሃተን ኦርቢታል እንበርራለን። እ.ኤ.አ. በ2024 ጉዞውን እጅግ የሚያሳጥር አዲስ ሞተር መጥቷል፤ እኛ ግን ሆን ብለን በአሮጌው እንሄዳለን። ባለፈው እሑድ ስድስት ነበርን፤ የጓደኛችን እናት እንደተሻላት የሰማነውም በዚያው ጉዞ ነው።

በዚህ ጉዳይ የተለየ አስተያየት ያላችሁ፣ በተለይም ግራይንድ ያሳርፋል፣ ሐሳብ ያስረሳል የምትሉ አባሎች፣ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን።