የዳኝነት ሹመትና የባለጉዳዩ ቋንቋ



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ በችሎት ወንበር የሚቀመጡት ዳኞች የሚዳኙትን ሕዝብ ስብጥር ማንጸባረቃቸው ለምን ያስፈልጋል? ብዙዎች ነገሩን የሥልጣን ድልድል አድርገው ይመለከቱታል። እኔ ግን የፍትሕ ጥራት ጉዳይ አድርጌ አየዋለሁ።

ከሞርሲቶ አካባቢ የመጣች፣ ሀዲይሳ ብቻ የምትናገር ተከሳሽ በአማርኛ በሚካሄድ ችሎት ቆመች እንበል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20(7) በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብላት ደንግጓል። ይህ ትልቅ ዋስትና ነው። ሆኖም ቃሏ ተሳስቶ ቢተረጎም፣ ቋንቋውን የማያውቅ ዳኛ ስሕተቱን የሚለይበት መንገድ ጠባብ ነው። በተሳሳተ ቃል ላይ የተሰጠ ፍርድ ደግሞ የሰው ነጻነት ሊያሳጣ ይችላል።

«የአካባቢው ተወላጅ ለወገኑ አያደላምን?» የሚል ሥጋት ይነሣል። መልሱ በአንቀጽ 79(3) ይገኛል፤ ዳኛ ተግባሩን የሚያከናውነው በሙሉ ነጻነት ሲሆን፣ ከሕግ በስተቀር በሌላ አይመራም። ብዝኃነት ያስፈልጋል ስንል ዳኛው የብሔሩ ወይም የጾታው ጠበቃ ይሁን ማለታችን አይደለም።

ታዲያ ለውጡ የሚጀመረው የት ነው? በአንቀጽ 81 መሠረት የክልል ዳኞችን የሚሾመው የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ እጩዎችን የሚያቀርብለት ግን የክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። ለክልል ጠቅላይና ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የፌዴራሉ ጉባኤ አስተያየትም ይጠየቃል። እንግዲህ ምክር ቤቱ ያልቀረበለትን ሰው ሊሾም አይችልም። ወሳኙ በር ምልመላው ነው።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። ይህ ሹመት ታሪካዊ ነው፤ ነገር ግን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተፈጸመ፣ የአንድ ከፍተኛ ወንበር ሹመት ነው። የወረዳ ችሎቶችን ገጽታ የሚለውጠው የዕለት ተዕለቱ ምልመላ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። የዳኝነት ማስታወቂያ ከሆሳዕናና ከዱራሜ አልፎ እስከ ወረዳ ከተሞች ይድረስ። የአካባቢውን ቋንቋ ማወቅ ከሕግ ዕውቀት ጎን ለጎን በመመዘኛነት ይያዝ። አንቀጽ 35(3) ለሴቶች የሚፈቅደው የድጋፍ እርምጃም ከእጩዎች ዝርዝር ዝግጅት ይጀምር።

በመጨረሻም፣ ለእናንተ ለሕግ ተማሪዎች፤ ነገ የሚቀርበው የእጩዎች ዝርዝር ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት የሚወጣ ነውና አፍ መፍቻ ቋንቋችሁን እንደ ሙያ ሀብት ጠብቁት።