በተራራ ሩጫ ላይ ስለሚያገለግሉ ሰዎች

በአሜሪካ አገር ኮሎራዶ በሚባለው ግዛት ሳን ሁዋን የተባሉ ታላላቅ ተራሮች አሉ። በተራሮቹ መካከል ሲልቨርተን የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች። ቀድሞ በዚያ አገር ብዙ ሰዎች ወርቅና ብር ለማግኘት ዐለቱን ይቆፍሩ ነበር። በእግርና በበቅሎ የሚሄዱበትንም ጠባብ መንገድ በገደሉ ላይ አወጡ። ኋላ የማዕድኑ ሥራ ቆመ፤ መንገዱ ግን ቀረ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የእነዚያን ቆፋሪዎች ድካም ለማስታወስ በዚሁ ተራራ ላይ ሩጫ ተጀመረ። ስሙም ሃርድሮክ ይባላል፤ ትርጓሜውም ጽኑ ዐለት ማለት ነው።

ይህ ሩጫ እንደ ሌላው ሩጫ አይደለም። ርዝመቱ 100 ማይል፥ ይኸውም ከ160 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነው። ሯጩ የሚወጣው ዳገት ሁሉ ቢደመር 10,000 ሜትር ያህል ይሆናል። ከሚያልፍባቸው ተራሮች ከፍተኛው ሃንዲስ የሚባለው ሲሆን 4,280 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሰው ቶሎ ይደክማል፤ ራሱንም ያመዋል። ሩጫው የሚደረገው በሐምሌ ነው፤ በዚያ ወር እንኳ በአንዳንድ ስፍራ በረዶው ሳይቀልጥ ይገኛል። ከቀትር በኋላም ብዙ ጊዜ ነጎድጓድና መብረቅ ይመጣል። በዚሁ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. በሃንዲስ ተራራ ላይ መብረቅ ወርዶ አንድን ሯጭና አብሮት የሚሄደውን ሰው መሬት ላይ ጣላቸው። ሯጩ ግን ተነሥቶ ሩጫውን ፈጸመ።

ሩጫው የሚጀመረው ከጧቱ በ12 ሰዓት ነው። እጅግ የፈጠነው ሯጭ አንድ ቀን ሳይሞላው ይደርሳል። ለዘገየው ግን ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት፥ ይኸውም 48 ሰዓት ተፈቅዶለታል። በመጨረሻው በሲልቨርተን የዱር በግ ራስ የተሣለበት ትልቅ ድንጋይ ይጠብቀዋል። ሯጩ ያን ድንጋይ ሲስም ሩጫውን ፈጸመ ይባላል። ሕዝቡም አይቶ ያጨበጭብለታል።

ነገር ግን ያ ሰው ወደ ድንጋዩ እንዲደርስ ሌሎች ብዙ ሰዎች ደክመዋል። እነርሱ ደመወዝ አይቀበሉም፤ የሚመጡት በፈቃዳቸው ነው። ሽልማትም የላቸውም፤ ስማቸውንም የሚጠራ ጥቂት ነው።

የእነርሱ ሥራ ከሩጫው በፊት ይጀመራል። አንዳንዶቹ አስቀድመው በመንገዱ እየሄዱ ብርሃን ሲያገኘው የሚያብረቀርቅ ትንሽ ምልክት ይተክላሉ። ሯጩ በሌሊት መብራቱን ይዞ ሲመጣ ምልክቱ ያበራለታል፤ መንገዱንም አይስትም። ምልክት የሚተክለው ሰው በዚያን ሰዓት የሚያየው አለቃ የለውም። ቢሰንፍና አንዱን ምልክት ቢያስቀር፥ እርሱ በቤቱ ተኝቶ ሳለ ሌላው ሰው በጨለማ ገደል ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ማንም ሳያየው ሥራውን በጥንቃቄ ይሠራል።

ሌሎቹ በመንገዱ ላይ በየማረፊያው ሆነው ሯጮቹን ይቀበላሉ። ከማረፊያዎቹ አንዱ ቨርጂኒየስ በሚባለው የተራራ በር ላይ ነው። ስፍራው በቋጥኞች መካከል ያለ ጠባብ ስንጥቅ ሲሆን ከፍታው 3,990 ሜትር ያህል ነው። መኪና ከቶ አይደርስበትም። ስለዚህ አገልጋዮቹ ምግቡን፥ ምድጃውን፥ ብርድ ልብሱንም በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ላይ ይወጣሉ። ሸክሙ ለአንድ ሰው የማይቻል ነበር፤ ሁሉም በተካፈሉት ጊዜ ግን ይቻላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የተባለው ስለዚህ ነው። በረዶ በበዛበት ዓመት ደግሞ ሯጮቹ እየያዙ እንዲወጡ ገመድ ያስሩላቸዋል።

በሌሊት አንድ ሯጭ ወደ ማረፊያው ሲደርስ ልብሱ በላብና በዝናብ ርሶ ይሆናል። በሚሮጥበት ጊዜ ሰውነቱ ሙቀት ነበረው፤ በቆመ ጊዜ ግን ብርዱ ፈጥኖ ይይዘዋል። ስለዚህ አገልጋዮቹ ቶሎ ብርድ ልብስ ያለብሱታል። ከላቡ ጋር ጨው ከሰውነቱ ስለ ወጣ ጨው ያለበት ሾርባ ይሰጡታል፤ ውሃ ብቻ አብዝቶ ቢጠጣ የደሙ ጨው አንሶ ሊታመም ይችላልና። ሌላው ደግሞ የሯጩን ቁጥርና የደረሰበትን ሰዓት ጽፎ በሬዲዮ ለሌሎች ያስታውቃል። ቁጥሩ ሳይነገር የቀረ ሰው ካለ ጠፍቶ እንደ ሆነ ተጠይቆ ይፈለጋል።

ነገር ግን ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ሾርባ መስጠት አይደለም፤ እውነቱን መናገር ነው። አንዳንድ ጊዜ ሯጩ ሲንገዳገድ ይመጣል። ስሙንና ያለበትን ስፍራ ቢጠይቁት አስተካክሎ አይመልስም። ወይም ይስላል፥ ትንፋሹም ያጥረዋል። በከፍታ ላይ አንዳንድ ጊዜ ሳንባ ውሃ ይቋጥራልና፥ እንዲህ ያለው ሰው ፈጥኖ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ካልወረደ ሊሞት ይችላል። ሯጩ ግን ብዙ ዓመት የተዘጋጀበት ነገር እንዳይቀርበት ይለምናል፤ ያለቅሳል፤ ይቆጣም ይሆናል። በዚህ ጊዜ «ይሁን፥ ሂድ» የሚለው ሰው ቸር ይመስላል፤ ነገር ግን ወንድሙን ወደ ሞት መስደዱ ነው። «በቃህ፥ ተቀመጥ» የሚለው ጨካኝ ይመስላል፤ ነገር ግን ነፍሱን ያድናል። እውነተኛ ረዳት ምስጋናን ሳይሆን የወንድሙን ደኅንነት ይፈልጋል።

አገልጋዮቹ ለፊተኛውና ለኋለኛው አያዳሉም። የፊተኛው ሯጭ በፍጥነት ያልፋል፤ የሚያስፈልገውም ጥቂት ነው። ኋለኛው ግን ብዙ ሰዓት ደክሞ፥ ርቦትና በርዶት ይመጣል። ስለዚህ ምድጃው ኋለኛው እስኪያልፍ ድረስ አይጠፋም። ከእርሱም በስተኋላ መንገዱን እያዩ ምልክቱን እየነቀሉ የሚመጡ ሰዎች አሉ። በተራራው ላይ ሰውም ሆነ ጥራጊ እንዳይቀር ይጠብቃሉ።

ምናልባት አንድ ተማሪ «ሯጩ የሚደክመው በገዛ ፈቃዱ ነው፤ ስለ ምን ሌላ ሰው ይደክምለታል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ ይህ ነው። ከአገልጋዮቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ሯጮች ናቸው። ባለፈው ዘመን በብርድ ሌሊት ስሙን የማያውቁት ሰው ብርድ ልብስ አልብሶአቸዋል። ያን ሰው ዳግመኛ ላያገኙት ይችላሉ፤ ውለታውንም ለእርሱ መመለስ አይችሉም። ስለዚህ ከኋላቸው ለሚመጣው ይመልሳሉ። በካሊፎርኒያ ግዛት ዌስተርን ስቴትስ የሚባል ሌላ የ100 ማይል ሩጫ አለ፤ በዚያም ይህ ነገር ደንብ ሆኖአል። ሊሮጥ የሚገባ ሁሉ አስቀድሞ 8 ሰዓት መንገድ በማበጀት ወይም በሌላ ሩጫ ላይ በመርዳት ማገልገል አለበት። መቀበል የሚወድ አስቀድሞ መስጠትን ይማራል።

ይህን ለመማር ወደ ሩቅ ተራራ መሄድ አያስፈልግም። ዛሬ ማንበብ የሚችል ተማሪ ትናንት ፊደል ያስቆጠረው ሰው ነበረ። እርሱም በአጠገቡ ፊደል የተሳሳተበት ታናሽ ልጅ ቢያይ፥ ሳይስቅበት ቁጭ ብሎ ያስቆጥረው። ልጁ ሳያውቅ «አወቅሁ» ቢል በሐሰት አያመስግነው፤ ስሕተቱን በፍቅር ይንገረው። ቀስ ብሎ የሚማረውንም ትቶት አይሂድ። እንዲህ ያደረገ ተማሪ የተቀበለውን ውለታ ከኋላው ለሚመጣው መለሰ።