ጎማ ያላት ጎተራ

ስቶክሆልም ውስጥ ጥቅምት ሲገባ ሁስቢል ያለው ሰው ሁሉ እስከ ሚያዝያ የት እንደሚያቆማት ያስባል። ሁስቢል «ቤት» እና «መኪና» ከሚሉ ሁለት የስዊድንኛ ቃላት የተሠራ ስም ነው፤ ውስጧ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና መጸዳጃ ያላት መኪና ናት። የእኛን ሦስት ቤተሰብ ሆነን በዕቁብ ገንዘብ ገዛናት። አሮጌ ስለሆነች ልጆቹ «እትዬ» ብለው ሰየሟት። እትዬ በዕድሜ ከፍ ያሉ ሴትን በአክብሮት የምንጠራበት ቃል ነው።

በበጋ ሦስቱ ቤተሰቦች በየተራ ይወስዷታል። የባለቤቴ እናት፣ እማማ፣ በሁሉም ዙር አብረው ይሄዳሉ፤ እማማ ባሉበት ደግሞ ስዊድንኛ አይወራም። ልጆቻችን በዓመት ውስጥ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ አማርኛ የሚናገሩት እትዬ ውስጥ ነው። አይጥ እንዳይገባባት ይህን ያህል የምንለፋውም ለዚህ ነው።

በስቶክሆልም ዙሪያ ከብት ማርባት የተዉ ብዙ ገበሬዎች አሉ። ባዶ የቀሩትን በረቶችና የድርቆሽ መጋዘኖች ለክረምት ማቆሚያ ያከራያሉ። (ድርቆሽ የደረቀ የከብት ሣር ነው፤ የደረቀ እንጀራም ድርቆሽ ይባላል። አይጥ ሁለቱንም ትወዳለች።) እትዬ የምትከርመው ወደ ኖርቴልዬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ የድሮ የላም በረት ውስጥ ነው። በእነዚያ ወራት ትራንስፖርትስቲሬልሰን ዘንድ «አቭስቴልድ» እናስደርጋታለን። መንገድ ላይ እንደማትወጣ ስለሚመዘገብ የመኪና ግብር አይከፈልባትም። ባለቤቱ ሲያከራየን በግልጽ ነው የነገረን፦ ጣራው ከበረዶ፣ ግድግዳው ከነፋስ ይጠብቃል፤ ስለ አይጥ ግን ራሳችሁ እወቁ።

ከእኛ ሁለት መኪና አልፎ የአንዲት የአገራችን ሰው ሁስቢል ይቆም ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት በሚያዝያ በሩን ስትከፍት፣ እናቷ ጎጃም ውስጥ ጥጡን በእጃቸው የፈተሉት ጋቢ ከአልጋው ሥር ተበጣጥሶ አገኘችው። አይጦች ጥጡን ነጭተው ጎጆ ሠርተውበታል። ውስጡ ዐይናቸው ያልተገለጠ፣ ፀጉር ያላበቀሉ ግልገሎች ነበሩ። ሽቦዎቹም ተቀርጥፈው ስለነበር መኪናው ጋራዥ ውስጥ ሦስት ሳምንት ቆየ። ሽቦው በገንዘብ ተቀየረ። ጋቢውን የፈተሉት እናት ግን ካረፉ ቆይተዋል።

ለመሆኑ የሚገቡት እነማን ናቸው? በአማርኛ ትንሿንም ትልቁንም «አይጥ» እንላለን፤ ትልቁን ለይተው አይጠመጎጥ የሚሉም አሉ። ስዊድንኛ ትንሿን «ሙስ»፣ ትልቁን «ሮታ» ይላል። በገጠር በረት ውስጥ በብዛት የምታስቸግረው ሙስ ናት፤ በተለይ የጫካ አይጥ የሚባሉት ሁለት ዓይነቶች። አንደኛዋ ከአንገቷ ሥር ቢጫ መቀነት የመሰለ ምልክት አላት፤ ዛፍ ላይ እንደ ልቧ ትወጣለች። እነዚህ እንስሳት እንደ ድብ ክረምቱን ተኝተው አያሳልፉትም። በበልግ ምግብ ያከማቻሉ፣ ከዚያም ደረቅና ሞቅ ያለ ቦታ ይፈልጋሉ። የፊት ጥርሳቸው ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ ሁልጊዜ መቆርጠም አለባቸው። ስዊድንኛም ዘራቸውን በሙሉ «ግናጋሬ»፣ ማለትም ቆርጣሚ፣ ብሎ ይጠራል። አይጥ ሽቦ የምትቀረጥፈው ስለምትመገበው አይደለም። መንገዷ ላይ ያገኘችውን ሁሉ በጥርሷ ትሞክራለች።

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ሲስተም ውስጥ ሰርጎ ገብ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው «በየት ገባ?» ተብሎ ነው። ለአይጥም ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም። ትንሽ አይጥ 6 ሚሊ ሜትር በሆነ ክፍተት መግባት ትችላለች። በቀላሉ ለማስታወስ፦ እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ አይጥም ያስገባል። ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው ሰውነቷ ይከተላል።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ቅዳሜ እኔና የባለቤቴ ወንድም ካርቶን አንጥፈን፣ እርሳስና የእጅ ባትሪ ይዘን እትዬ ሥር ተኛን። ከላይ ስትታይ የተዘጋች ሣጥን ትመስላለች። ከሥር ግን ወንፊት ናት። የቆሻሻ ውሃ ቱቦ በአንድ ቀዳዳ ይወርዳል፣ የጋዝ ቧንቧ በሌላ ያልፋል፣ የማሞቂያው የአየር ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦዎችም የየራሳቸው ቀዳዳ አላቸው። ብዙውን ጊዜ ቀዳዳው ከሚያልፍበት ቱቦ ይሰፋል፤ አይጥ የምትፈልገውም ያንን ዳርና ዳር ነው። ከዚያ ልጆቹን አስገብተን መብራት አጠፋንና ከሥር በባትሪ አበራን። ብርሃን ባዩበት ሁሉ «እዚህ!» እያሉ ጮኹ። በእርሳስ ያላገኘናቸውን አራት ቀዳዳዎች ያገኙልን እነሱ ናቸው። አንዱ ከቁም ሣጥን ጀርባ፣ ሦስቱ ከመቀመጫ ሥር ነበሩ።

ቀዳዳ የሚደፈንበት ነገርም ይመረጣል። ተረጭቶ የሚያብጠው አረፋ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ አይጥ እንደ ዳቦ ትበሳዋለች። ድስት የሚፈገፈግበት ተራ የብረት ሱፍ በእርጥበት ይዝጋል፣ ይረግፋልም። የሚበጀው የማይዝግ ብረት ወይም መዳብ ሱፍ ጠቅጥቆ በላዩ በማሸጊያ ማተም ነው። ለሰፊ ቀዳዳ በየሕንፃ መሣሪያ ሱቁ «ሙስኔት» የሚባል፣ ዓይኑ ደቃቅ የሆነ የብረት መረብ ይሸጣል። ከበረዶ በፊት ቧንቧዎቹ እንዳይፈነዱ ውሃው ተፈስሶ ማፍሰሻዎቹ ክፍት ይተዋሉ፤ የእነሱም ጫፍ መረብ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ሁሉም ቀዳዳ አይደፈንም። የጋዝ ሲሊንደሩ በተቀመጠበት ሣጥን ወለል ላይ ሆን ተብሎ የተተወ ቀዳዳ አለ። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈሰሰ ወደ ታች ወርዶ በዚያ ይወጣል። ያን ቀዳዳ የደፈነ ሰው አይጥን አስወጥቶ ፍንዳታን አስገባ ማለት ነው። የማቀዝቀዣው የጎን መተንፈሻም እንዲሁ ነው። እዚህ ላይ አየር በደንብ የሚያሳልፍ መረብ ብቻ ነው የሚሠራው፤ እሱንም ቢሆን የጋዝ ሥራ የሚያውቅ ጋራዥ ቢያየው ይመረጣል። እኛም አሳይተናል።

እማማ ይህን ሁሉ ሥራችንን ቆመው ሲያዩ «ጎተራ እየሠራችሁ ነው እኮ» አሉ። ጎተራ ከቤት ውጭ የሚቆም የእህል ማከማቻ ነው። በእንጨትና በጭራሮ ይታጠራል፣ በጭቃና በእበት ይመረጋል፣ የሣር ክዳን ይደረግለታል። ከሥሩ ድንጋይ ወይም ግንድ ስለሚደረግ መሬት አይነካም፤ እርጥበትም አይጥም እንዲርቁት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጎተራ የሚባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከትልልቆቹ የእህል መጋዘኖች ነው። ስዊድኖችም የራሳቸው ጎተራ ነበራቸው። በ1891 አርቱር ሃሴሊዩስ ዩርጎርደን ላይ ወደ መሠረተው ስካንሰን ብትሄዱ፣ «ሄርብሬ» የሚባሉ፣ ከመሬት ከፍ ብለው የቆሙ የእንጨት ማከማቻዎች ታያላችሁ። እማማን ስንወስዳቸው መመሪያውን ሳያነቡ ምን እንደሆነ ያወቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። የጎጃም ገበሬና የዳላርና ገበሬ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ላይ ደርሰዋል።

ሁስቢልም ከመሬት ከፍ ብላ ትቆማለች። ችግሩ እግሮቿ ጎማ መሆናቸው ነው፤ ጎማ ለአይጥ ደረጃ ነው። የኤሌክትሪክ ገመድ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ከተተወ ደግሞ ድልድይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ባትሪውን ቤት ወስደን እንሞላለን እንጂ ገመድ አንዘረጋም። ከግድግዳውና ከእንጨት ክምሩም አርቀን እናቆማታለን። ውጭ ለሚያቆም ሰው ጠጠር ወይም ሲሚንቶ ይሻላል፤ ረጅም ሣር ካለ ይታጨድ። አይጥ ገላጣ ቦታ አቋርጣ መሄድ አትወድም፤ ጉጉት ትፈራለች።

ምግቡን በተመለከተ የስዊድን ምክር «ብስኩትና ፓስታ አውጡ» ይላል። የእኛ ዝርዝር ረዘም ይላል፦ ሽሮ፣ በሶ፣ የጨጨብሳ ዱቄት፣ ድርቆሽ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቆሎ። ሰባት ልጆች በመኪና ውስጥ ቆሎ ሲበሉ ገብሱ የማይገባበት ስንጥቅ የለም። መቀመጫዎቹን አንሥተን፣ የወንበር ሐዲዶቹን ሳይቀር በቫኪዩም እንጠርጋለን። ሳሙናና ሻማም ይወጣሉ፤ አይጥ ስብ ያለበትን ሁሉ ትበላለች። ጋቢ፣ ብርድ ልብስና ትራስ አንድ ሳይቀር ቤት ይገባሉ። የማይወጡትን ፍራሾች በጎን እናቆማቸዋለን፤ ቁም ሣጥኖቹን ክፍት እንተዋለን። አይጥ የምትወደው ጨለማና ጠባብ ቦታ ነው።

ማባረሪያ ተብለው የሚሸጡትን ብዙም አላምንባቸውም። ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚያወጣውን መሣሪያ በተመለከተ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2001 ከ60 በላይ አምራቾችንና ሻጮችን አስጠንቅቋል፤ ያለ ማስረጃ ይሠራል እንዳይሉ። የናና ዘይት ሽታው በቶሎ ይጠፋል። ለልብስ ብል የሚደረገው ነጭ ኳስ፣ ናፍታሊን፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እንዳይሸጥ ተከልክሏል፤ ከአገር ቤት በሻንጣ የሚያመጡ ግን አሉ። ልጅ በሚተኛበት ክፍል ውስጥ በፍጹም አይሁን። የእማማ ሐሳብ በርበሬ ነበር። ይህ እንኳ ሳይንስ አለው፤ በርበሬ አይጥን እንደ እኛው ያቃጥላታል፣ ወፍን ግን አያቃጥልም። የጃፓኑ ሆንዳም በዚሁ የሚያቃጥል ቅመም የተነከረ፣ ሽቦ የሚጠቀለልበት ፕላስተር ይሸጣል። ሞተሩ አካባቢ እሱን ጠቅልለናል። የእማማን በርበሬ ግን ለወጥ አስቀረነው፤ ተበትኖ የከረመ በርበሬ በፀደይ የሚያስነጥሰው እኛን ነው።

መርዝ አንጠቀምም። ጠንካራዎቹ መርዞች ስዊድን ውስጥ ለሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው። የተመረዘች አይጥም ግድግዳ ውስጥ ገብታ ትሞትና እስከ በጋ ትሸታለች፤ ውጭ ከሞተች ደግሞ የበላቻት ጉጉት ትመረዛለች። የኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ተራ ወጥመድ ይበቃል፤ አይጥ ግድግዳ ተጠግታ ስለምትሮጥ ወጥመዱ ግድግዳውን ይጠጋ። ግን በየሳምንቱ የሚያየው ሰው ይፈልጋል። ሦስቱ ቤተሰብ በየእሑዱ ተራ አለን፤ ወለሉ ላይ የሕፃን ፓውደር በስሱ እንነሰንሳለን። ዱካ ካለ ይታተማል። ዱቄት ግን አትነስንሱ፤ ያ ግብዣ ነው።

የፀደይ መክፈቻ ከበልጉ መዝጊያ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስዊድን ውስጥ «ሶርክፌበር» የሚባል በሽታ አለ። ፑማላ በተባለ ቫይረስ ይመጣል፤ የሚሸከመው አይጥ የምትመስል የጫካ ሶርክ የምትባል ትንሽ እንስሳ ናት። አብዛኛው ታማሚ የሚገኘው በሰሜን ስዊድን ነው፤ ሰው ከሰው አይተላለፍም። የሚይዘው በደረቀ ሽንትና ኩስ የተበከለ አቧራ በመተንፈስ ነው። ስለዚህ የእንስሳ ኩስ ካያችሁ መጥረጊያም ቫኪዩምም አታንሡ። በሮቹን ከፍታችሁ አየር ይግባ፤ ጓንት አድርጉ፤ ቦታውን በሳሙና ውሃ አርሱት፤ በወረቀት አንሥታችሁ በላስቲክ አስራችሁ ጣሉት። ልጆች ይህ እስኪያልቅ ውጭ ይቆያሉ። ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ድንገተኛ ትኩሳት፣ የራስ ምታትና የጀርባ ወይም የሆድ ሕመም ከመጣ 1177 ደውላችሁ ስለ አይጧ ጭምር ንገሯቸው።

የመጨረሻው ሥራ የጭስ መውጫዎቹን ማየት ነው። ማሞቂያውም በጋዝ የሚሠራው ማቀዝቀዣም በትንሽ ቀዳዳ ጭስ ያስወጣሉ። አይጥ ወይም ወፍ እዚያ ሣር ከጎሰጎሰ ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል። በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ የተኛ ሰው አይነቃበትም። እኛ መውጫዎቹን በባትሪ አይተን፣ ማሞቂያውን ሰው በሌለበት በሩን ከፍተን እናስነሣለን፤ ከዚያ የጋዝና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያዎቹን ተጭነን እንሞክራለን። ማንቂያ ካልጮኸ ይቀየራል፤ እስኪቀየር ድረስ እትዬ ውስጥ ማንም አያድርም፤ እማማ ስንቁን ቋጥረው በር ላይ ቢቆሙም።