ሲሚንቶ ያልነካው ካብ

ለሥራ አርባ ምንጭ የወረደ የአዲስ አበባ ሰው የመጨረሻዋን ቀን አብዛኛውን ጊዜ የሚያውላት በሙዝና በማንጎ ግዢ ነው። አንድ የመንገድ መሐንዲስ ግን ሾፌሩን አግባብቶ ግዢውን ለመመለሻ አቆየና በማለዳ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ኮንሶ አቀና። ሰሞኑን የከረመው የተሰነጠቁ የመንገድ ዳር ድጋፍ ግንቦችን ሲለካ ነው። ከኮንሶ ከተማ ከካራት አስጎብኚ ይዞ ጋሞሌ ወደምትባል መንደር ገባ።

የኮንሶ መንደሮች ኮረብታ አናት ላይ የተቆረቆሩት ለጥቃት እንዳይመቹ ነው። እያንዳንዱን ከአንድ እስከ ስድስት ዙር የድንጋይ ካብ ያጥረዋል። በየአደባባዩ ሞራ አለ፤ ታችኛው ክፍሉ ክፍት፣ ላይኛው በሣር የተከደነ፣ ወጣት ወንዶች የሚያድሩበት የጋራ ቤት ነው። አጠገቡ የቆሙት የጥድ ግንዶች ደግሞ ኦላሂታ ይባላሉ፤ አንዱ ትውልድ ኃላፊነቱን ለቀጣዩ ሲያስረክብ አንድ ግንድ ይተከላል።

መሐንዲሱን እግሩን ይዞ ያስቀረው ግን ይህ ሁሉ ሳይሆን ከመንደሩ ቁልቁል የተዘረጋው እርከን ነው።

የእርከኑ ከፍታ አንዳንድ ቦታ ላይ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል፤ ድንጋዩ ያለ አንዳች ማያያዣ የተካበ ነው። ማሽላውና ሽፈራው የሚበቅሉት ይህ ካብ አፈሩን ይዞ ስላስቀረላቸው ነው። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር በድንጋዮቹ መሀል ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ሌላው ጎብኚ ልብ የማይላት ይህች ጠብታ ለመሐንዲሱ ትልቅ ነገር ነበረች። ከድጋፍ ግንብ ጀርባ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ከታቆረ፣ ውሃው ብቻውን በግንቡ እግር ላይ በካሬ ሜትር 3 ቶን ያህል ግፊት ያሳርፋል። ሰሞኑን የመዘገባቸው ስንጥቆች አብዛኞቹ ከዚሁ የመጡ ነበሩ፤ ግንቡ በሲሚንቶ ጥርቅም ተደርጎ የተሠራ፣ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎቹ ግን በደለል የተደፈኑ።

ዝቅ ብሎ አንድ አዛውንት የተናደ ካብ ይጠግናሉ። «አባባ፣ ሲሚንቶ ቢገባበትስ?» ሲል በአስጎብኚው በኩል ጠየቃቸው።

«ማን ይገዛልኛል?» አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

አስጎብኚው ሳቀ። መልሱ ግን የዋዛ አልነበረም። ካብ ሲናድ ድንጋዩ እዚያው ነው፤ መልሶ ለመደርደር ጉልበት ይበቃል፣ ካልበቃም ጎረቤት በደቦ ይመጣል። የሲሚንቶ ግንብ ሲሰነጠቅ ግን በጀት፣ ጨረታና የጭነት መኪና ይጠበቃል፤ እስከዚያ ሌላ ዝናብ ይመጣል። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2011) የኮንሶን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከ400 ዓመት በላይ የዘለቀ፣ 21 ትውልድ የተቀባበለው ባህል መሆኑን ጠቅሷል። ያን ሁሉ ዘመን ያቆየው የድንጋዩ ጥንካሬ ብቻ አይመስልም፤ በየጊዜው የሚጠግነው ባለቤት ስላለው ጭምር ነው።

ይህ ማለት ከባድ መኪና የሚያልፍበት መንገድ በካብ ይደገፍ ማለት አይደለም። ስሌቱም አይፈቅድም። የጥገና ሪፖርት የምትጽፉ ባልደረቦች ግን ከበልጉ ዝናብ በፊት የግንቦቻችሁን ማስወጫ ቀዳዳ አንድ በአንድ በብረት ወግታችሁ እዩ፤ የሚጠርገውንም ሰው በስሙ መድቡ።