ሮኬቱን ማን ለካው?

የቪ-2ን ትክክለኛ ልክ ፍለጋ፦ ከጀርመን የማዕድን ጉድጓድ እስከ ዋሽንግተን ሙዚየም

«የቪ-2 ሮኬት ቁመቱ ስንት ነው?» ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን አንድ መጽሐፍ ገልጠን መልሱን የምናገኝ ይመስለናል። እውነት ነው፤ መልስ አይጠፋም። ችግሩ መልሱ መብዛቱ ነው። አንዱ 14 ሜትር ይላል። ሌላው 46 ጫማ፣ ሦስተኛው 47 ጫማ ያደርገዋል። 14.036 ሜትር ብሎ እስከ ሚሊሜትር የሚያወርድም አለ። ሮኬቱ አንድ፣ ቁጥሩ አራት! ታዲያ የትኛውን እንመን?

«በስደት ላይ ስንት የሚያንገበግብ ጉዳይ እያለ የናዚ ሮኬት ቁመት ምን ይረባናል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው የተከተለ ሰው ጉዳዩ የሮኬት ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል ብዬ እገምታለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ሥራው ጥቂት እንበል። በአሜሪካና በአውሮፓ አውሮፕላንን፣ መርከብን፣ ሮኬትን አሳንሰው፣ ነገር ግን መጠኑን ሳያዛቡ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች አሉ። የሚሠሩት ነገር «ስኬል ሞዴል» ይባላል። በአሜሪካ በ1957 የተቋቋመው የሞዴል ሮኬት ሠሪዎች ብሔራዊ ማኅበር ውድድር ያካሂዳል። በስኬል ውድድር ተወዳዳሪው ሞዴሉን ብቻ ይዞ አይቀርብም። ንድፉን፣ ፎቶግራፉንና የልኩን ማስረጃ አያይዞ ያቀርባል። ዳኞቹ ሞዴሉን የሚመዝኑት ከማስረጃው ጋር እያስተያዩ ነው።

አሠራሩን በምሳሌ እንየው። የቪ-2 የወገቡ ዲያሜትር 1.651 ሜትር ነው። ገበያ ላይ ዲያሜትሩ 66 ሚሊሜትር የሆነ የወረቀት ቱቦ ይገኛል። 1,651 ሚሊሜትርን ለ66 ብናካፍል 25 ይመጣል። እንግዲህ ሞዴላችን 1 ለ 25 ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ለ25 ይካፈላል። ቁመቱ 14.036 ሜትር ከሆነ ሞዴሉ 561 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ከአንዱ የጭራ ክንፍ ጫፍ እስከ ተቃራኒው ጫፍ ያለው 3.564 ሜትር ደግሞ ወደ 143 ሚሊሜትር ይወርዳል። አሁን «47 ጫማ ነው» ያለውን መጽሐፍ እንከተል። 47 ጫማ 14 ሜትር ከ33 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በሞዴሉ ላይ ልዩነቱ ከአንድ ሴንቲሜትር ያልፋል፤ ሮኬቱም አንገቱ የረዘመ ሆኖ ይወጣል።

ቀድሞ በደብረ ዘይት የአየር ኃይል ቴክኒሻን የነበሩ፣ አሁን በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ አንድ አዛውንት አሜሪካ ከተወለደ የልጅ ልጃቸው ጋር ይህንኑ ሮኬት ሲሠሩ አግኝቻቸው ነበር። ገበታው ላይ አራት መጻሕፍት ዘርግተው ቁጥር ያመሳክራሉ።

«ጋሼ፣ የአንድ ሴንቲሜትር ልዩነት ማን ያየዋል?» አልኳቸው።

«አንተ ጋዜጠኛ አልነበርክም እንዴ ልጄ?» አሉኝ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው። «የሰው ስም ስትጽፍ አንዲት ፊደል ብትስት ማን ያየዋል?»

«ባለቤቱ ያየዋላ!»

«እህ! ይህም ባለቤት አለው።»

የተጠጋጋ ቁጥር ሲያጌጥ

መጻሕፍቱ የሚለያዩት ሁልጊዜ ውሸት ስለጻፉ አይደለም። ብዙውን ጊዜ አንዱ ከሌላው ስለሚቀዳ፣ ሲቀዳም ስለሚያጠጋጋ ነው። 14.036 ሜትር ወደ ጫማ ሲለወጥ 46 ከትንሽ ፍርፋሪ ነው። አንዱ ፍርፋሪውን ይተውና 46 ይላል። ሌላው ከዚያ መጽሐፍ 46ን ያገኝና መልሶ ወደ ሜትር ይለውጠዋል፤ 14.0208 ይሆንለታል። አራት ቤት ድረስ የተጻፈ ቁጥር ሲታይ በጥንቃቄ የተለካ ይመስላል። ዘሩ ግን የተጠጋጋ ቁጥር ነው። በልክ ፍለጋ የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው፦ የነጥብ ቤት መብዛት ማስረጃ አይደለም።

ልክ የሞትና የሽረት ጉዳይ በሆነ ጊዜ

የዚህን ሮኬት ልክ ለማወቅ መጀመሪያ የደከሙት ሞዴል ሠሪዎች አይደሉም፤ የእንግሊዝ የስለላ ሰዎች ናቸው። በመጋቢት 1943 በእንግሊዝ እጅ የነበሩ ሁለት የጀርመን ምርኮኛ ጄኔራሎች ስለ አንድ ትልቅ ሮኬት ሲጫወቱ በድብቅ ማዳመጫ ተሰሙ። የቅኝት አውሮፕላኖች በባልቲክ ባሕር ዳርቻ ያለውን የፔነሙንደን የሙከራ ጣቢያ ከሰማይ ፎቶ አነሱ። በሰኔ 1943 ከተነሡት በአንዱ ላይ ዶክተር አር. ቪ. ጆንስ የተባለው የስለላ ሳይንቲስት ነጣ ያለ፣ ጭራው ክንፍ ያለው ነገር አየ። 35 ጫማ ያህል ቁመት፣ 5 ጫማ ያህል ወገብ እንዳለው ገመተ። በወገቡ ብዙም አልተሳሳተም፤ ቁመቱን ግን አሳጥሮታል።

ትልቁ ጭቅጭቅ የተነሣው በክብደቱ ላይ ነበር። አንዳንድ ሊቃውንት ሮኬቱ ደረቅ ባሩድ ያነዳል ብለው ስላሰቡ ክብደቱን 60 ቶንና ከዚያም በላይ፣ የፈንጂውንም ክብደት እስከ 10 ቶን አደረሱት። በዚህ ስሌት አንድ ሮኬት ስንት መንደር ያጠፋል ተብሎ ተሰላ፤ የለንደንን ሕዝብ ከከተማ ስለማስወጣትም ተመከረ። እውነተኛው ሮኬት ግን አልኮልና ፈሳሽ ኦክስጅን ነበር የሚያነድደው። ሲነሣ ክብደቱ ወደ 13 ቶን፣ ፈንጂው አንድ ቶን ያህል ነው።

እውነቱ የተገኘው ከስሌት ሳይሆን ከብረቱ ነው። በሰኔ 1944 አንድ የሙከራ ሮኬት መንገድ ስቶ ስዊድን ውስጥ ወደቀና ስብርባሪው ወደ እንግሊዝ ተጓዘ። በፖላንድም የምሥጢር አርበኞች ቡግ ወንዝ አጠገብ የወደቀ ሮኬት ከጀርመኖች ቀድመው ደበቁ። ክፍሎቹን ፈትተው በሐምሌ 1944 ሌሊት ላይ በመጣ ዳኮታ አውሮፕላን ላኩት። እነዚያ ሰዎች በሕይወታቸው ተወራርደው ያሻገሩት ነገር ምን ነበር? ልክ ነው፤ የሚለካ ብረት።

መስከረም 8 ቀን 1944 የመጀመሪያው ቪ-2 ለንደን ውስጥ ቺዝዊክ በተባለ ሠፈር ወድቆ ሦስት ሰዎች ገደለ። መንግሥት ዝም አለ፤ የጋዝ ቧንቧ ፈነዳ የሚለው ወሬ ተስፋፋ። ፍንዳታው በየቀኑ ሲደጋገም የለንደን ሰው «የሚበር የጋዝ ቧንቧ» እያለ ያሾፍ ጀመር። ቸርችል ነገሩ ሮኬት መሆኑን ለፓርላማ የተናገሩት ኅዳር 10 ቀን ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሕዝቡ በጆሮው የሰማውንና በዓይኑ ያየውን ከመንግሥቱ አልሰማም። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

አሥራ አራት ቶን ወረቀት

ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል፣ በሚያዝያ 1945፣ የፔነሙንደ መሐንዲሶች የሮኬቱን ንድፎችና ሰነዶች በሃርዝ ተራሮች አካባቢ ዶርንተን በተባለ ቦታ በተተወ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ደበቁ። የወረቀቱ ክብደት 14 ቶን ነበር። አሜሪካውያን በግንቦት ደርሰውበት፣ አካባቢው ለእንግሊዞች ከመተላለፉ በፊት ጭነው ወሰዱት። እንግሊዞችም በጥቅምት 1945 ኩክስሃፈን ላይ ምርኮኛ ጀርመኖችን አሠርተው ሦስት ቪ-2 አስተኮሱና የሮኬቱን አካልና አሠራር የሚዘረዝር ባለ አምስት ቅጽ ሪፖርት አዘጋጁ። ዛሬ ልክ የሚፈልግ ሰው የሚቀድመው ምንጭ እንዲህ ያለው ነው፦ ሮኬቱን የሠራው ወይም ፈትቶ የገጠመው ሰው የጻፈው። በ1993 የወጣው የፒተር አልዌይ «ሮኬትስ ኦፍ ዘ ወርልድ» የተባለው መጽሐፍም ለሞዴል ሠሪዎች ታስቦ በልክ የተሣለ ስለሆነ ብዙዎች ይጠቀሙበታል።

የትኛው ቪ-2?

ንድፉ ቢገኝም ጣጣው አያልቅም። ቪ-2 አንድ ሮኬት አይደለም። በሙከራው ዘመን ማሻሻያው ማቆሚያ አልነበረውም። ጥቅምት 3 ቀን 1942 ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ የተተኮሰው፣ በ1944 ሆላንድ ውስጥ ከጫካ ወደ ለንደን የተተኮሰውና ከ1946 እስከ 1952 አሜሪካውያን ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ለምርምር የተኮሱት ዝርዝራቸው ይለያያል። አሜሪካውያኑ በፈንጂው ፋንታ የምርምር መሣሪያ ሲጭኑ የአንዳንዶቹን አፍንጫ ለውጠዋል። በአንዳንዶቹም ላይ ሌላ ትንሽ ሮኬት ደርበው «በምፐር» ብለውታል። ቁመት ከአንዱ፣ ፎቶግራፍ ከሌላው የወሰደ ሰው ከሁለቱም ያልሆነ ነገር ይሠራል።

ቀለሙም እንደዚሁ ነው። ጥቁርና ነጭ ዳማ የመሰለው ቀለም የሙከራ ነው፤ ሮኬቱ በአየር ላይ ሲሽከረከር ከምድር ለይቶ ለማየት ይረዳ ነበር። ለጦርነት የወጡት ግን መጀመሪያ የመሸሸጊያ ቀለም፣ በኋላም ጥቁር አረንጓዴ ነበሩ።

በዋሽንግተን የምንኖር ሰዎች አጠገባችን ጥሩ ምሳሌ አለን። የስሚዝሶንያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ቪ-2 ከተለያዩ ሮኬቶች ክፍሎች ተገጣጥሞ፣ በ1942 የተተኮሰውን እንዲመስል ተቀብቶ ነበር። ሙዚየሙ ይህን አይሸሽግም። ነገር ግን መግለጫውን ሳያነብ ፎቶ ብቻ አንሥቶ የሚመለስ ጎብኚ የአንዱን አካል በሌላው ልብስ አይቶ መሄዱን አያውቅም ነበር። በለንደን፣ በሙኒክና በኦሃዮዋ ዴይተን ያላችሁም በየከተማችሁ ሙዚየም ቪ-2 ታገኛላችሁ። የእያንዳንዱን ታሪክ ጠይቁ።

ሜትር ይዞ መሄድ

ሙዚየም ውስጥ መንካት ክልክል ነው። ቢሆንም መላ አይጠፋም። ቁመቱ የሚታወቅ ዘንግ ወይም ሰው ከሮኬቱ ጎን በእኩል ርቀት አቁሞ ፎቶ ማንሳት አንዱ ዘዴ ነው። ከቅርብ አይነሣ፤ ወደ ካሜራው የቀረበው ክፍል ያለ ልኩ ይገዝፋል። ከሩቅ ቆሞ ማቅረቢያ ሌንስ መጠቀም ይሻላል። ሁለተኛው ዘዴ ቁጥሮቹን እርስ በርስ ማፋጠጥ ነው። የቪ-2 ቁመት የወገቡ 8 ተኩል እጥፍ ነው፤ የክንፎቹ ስፋት የወገቡ ሁለት እጥፍ ከትንሽ ነው። በፎቶው ላይ በማስመሪያ ስትለኩት ይህ ካልመጣ፣ ወይ ፎቶው አዛብቷል፣ ወይ ሮኬቱ ሌላ ዓይነት ነው፣ ወይ መጽሐፉ ተሳስቷል።

ማስመሪያ የማይደርስበት

የሮኬቱን ወገብ እስከ ሚሊሜትር አውቆ ማን እንደሠራው አለማወቅ ግን ግማሽ ዕውቀት ነው። ከ1943 መጨረሻ ጀምሮ ቪ-2 የሚገጣጠመው ኖርድሃውዘን አጠገብ ተራራ ውስጥ በተፈለፈለ ዋሻ ነበር። የሚሠሩት የሚተልባው-ዶራ የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ነበሩ። ከፈረንሳይ፣ ከፖላንድ፣ ከሶቪየት ኅብረትና ከሌሎችም አገሮች የተጋዙ ናቸው። መጀመሪያ የመጡት ለወራት የፀሐይ ብርሃን ሳያዩ እዚያው ዋሻ ውስጥ ይተኙ ነበር። በዶራና በቅርንጫፎቿ ወደ 60,000 እስረኞች እንዳለፉ፣ ከእነሱም ወደ 20,000 የሚሆኑት እንደሞቱ ይገመታል። በሌላው ጫፍ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1944 በአንትወርፕ ሬክስ ሲኒማ ላይ የወደቀ አንድ ሮኬት ብቻ 567 ሰው ገድሏል። የታሪክ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ሮኬቱን ሲሠሩ የሞቱት ሮኬቱ ወድቆባቸው ከሞቱት ይበልጣሉ። አዛውንቱ ለልጅ ልጃቸው ይህንን ነግረውታል። ልጁም ከሞዴሉ መቆሚያ ሥር ከቁመቱና ከወገቡ ቀጥሎ የዶራን ስም ጽፎበታል።

የእኛስ?

ሮኬት ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ሚያዝያ 10 ቀን 1868፣ በስቅለት ዕለት፣ ከመቅደላ ሥር አሮጌ ሜዳ ላይ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ጓድ በአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ ሮኬት ተኩሷል። ሮኬቱ ዊልያም ሄል የፈለሰፈው፣ ያለ ረጅም እንጨት እየተሽከረከረ የሚሄድ ዓይነት ነበር። ዘመቻውን የመዘገቡት እንግሊዞች ናቸው፤ ርቀቱም ክብደቱም በእነሱ ጫማና በእነሱ ፓውንድ ተጽፎ ቀረ።

ንጉሠ ነገሥቱ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ ግን ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ። ክብደቱ ብዙ ጊዜ 7 ቶን ነው ይባላል። ስንቶቻችን «ማን መዘነው? መቼ? በምን?» ብለን ጠይቀናል? እሱን መለካት ማንም አይከለክለንም። ወደ አገር ቤት ሄዶ ወሎን የሚረግጥ ወገን አፉን፣ ወገቡንና ቁመቱን ለክቶ፣ ቀኑንና የለካበትን መሣሪያ ጽፎ ቢመለስ ለልጆቻችን ከብዙ ዲስኩር የሚበልጥ ስጦታ ይሆናል።

እኛ ስደተኞች በቁጥር የምንኖር ሰዎች ነን። ስንት ሞተ፣ ስንት ታሠረ፣ ስንት ሰው ሰልፍ ወጣ የሚለውን ከሩቅ እንሰማለን፤ ስልክ በስልክ ስንቀባበልም 46ቱ 47 ይሆናል። አዛውንቱ ከአራቱ መጻሕፍት ሦስቱን የዘጉት ቁጥራቸው ስላላማረ አልነበረም። ማን እንደለካው ስላልነገሯቸው ነው። እኛም ቀጣዩን ቁጥር ስንሰማ ወደ ሌላ ሰው ከመደወላችን በፊት ያችን አንዲት ጥያቄ ብንጠይቅ አይከፋም።

ቸር ሰንብቱ።